ግልጽ ደብዳቤ ለብሔራዊ ባንክ ገዥ፦ የባንኮቹን የዋጋ ዝርዝር ማን ይለጥፈው?

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታውን በቀደሙት ደብዳቤዎቼ ስለጨረስኩት በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒ ማርኬት አለኝ። በቅርቡ አንዲት እናት የሕፃን ዱቄት ወተት በካርድ ገዛች። ቁጥር ሁለት ፈልጋ ቁጥር አንዱን ነበር ያነሳችው። በማግስቱ ክዳኑ ሳይነካ፣ ከነደረሰኙ ይዛው መጣች። ገንዘቧን ሙሉውን መለስኩላት። ማታ ስቴትመንቴን ሳይ ባንኩ ከሽያጩ የቆረጠው ኮሚሽን እንደተቆረጠ ነው። ሽያጭ የለም፣ ኮሚሽን ግን አለ!

ቅርንጫፉ ሄጄ ጠየቅኩ። ልጅቷ በትሕትና «ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው» አለችኝ። ሲስተሙን ማን አዘዘው? ዋናው መሥሪያ ቤት። ዋናው መሥሪያ ቤት ስደውል ደግሞ «ቅርንጫፍዎን ያነጋግሩ»።

በዚያው ንዴት ከባንኩ ጋር የገባሁትን የካርድ ክፍያ ውል አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ውሉ 1 በመቶ ይላል። የሚቆረጥብኝ 1.5 ነው። መቼ እንደጨመሩ የነገረኝ ሰው የለም። ደብዳቤ የለ፣ ቴክስት እንኳ የለ። ዘይትና ስኳር ላይ ስንት እንደማተርፍ ንግድ ቢሮ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ካርዱ ከዚያችው ላይ ነው የሚቆነጥረው።

ንግድ ቢሮን ካነሳሁ አይቀር፣ የዋጋ ዝርዝር ካልለጠፍኩ ሱቄ ይታሸጋል። ሕግ ነው፣ ቅር አይለኝም። ባንኩ ግን ለእኔ የሚሸጠውን አገልግሎት ዋጋ ሳይነግረኝ ሲቀይር የሚያሽገው ማነው? የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ። ምን እንደሚል ለእናንተ አልነግራችሁም።

በጥሬ ገንዘብ ሽጥ እንዳትሉኝ። ከጥሬ ገንዘብ ውጡ የምትሉን እናንተው ናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2015 ነዳጅ እንኳ በዲጂታል ካልሆነ አይቀዳም ተብሏል። ደንበኛዬም ካርድ ለምዷል፤ ፖስ ማሽኑን ባነሳው ቀጥሎ ካለው ሱቅ ይገባል።

ለካርድ ኮሚሽን ጣሪያ ማውጣት አንችልም ማለትም አያዋጣም። በ2017 ግንቦት ላይ ባንኮች ከውጭ ምንዛሪ ጋር በተያያዘ የሚያስከፍሉት ክፍያ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናችኋል። ለአስመጪው የተዘረጋ እጅ ለባለ ሱቁ ሲሆን ለምን ያጥራል? የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካርድ የሰጠው ባንክ ከእያንዳንዱ ግብይት የሚወስደውን ድርሻ በዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ፣ በክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ላይ ገድቦታል። የእኔ ደንበኛ ካርድ የአገር ውስጥ ነው። ብሩ የሚሄደው ከአንዱ የአዲስ አበባ ባንክ ወደ ሌላው፣ ባንኮቹን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ነው። ባሕር አይሻገርም።

ለአገር ውስጥ ካርድ ጣሪያ አውጡ። የተመለሰ ዕቃ ኮሚሽን ይመለስ። ጭማሪ ሲኖር ቀድሞ በጽሑፍ ይነገረን። የእኔ ብቻ አይደለም፣ ሰፈሬ ያሉት ፋርማሲውና ጫማ ቤቱም ስቴትመንታቸውን አውጥተው እያሰሉ ነው።

የመጨረሻው አቤቱታዬ መዝገብ ቤታችሁ ገቢ ሆኗል፤ ማኅተም የተመታበት ቅጂ እጄ ላይ ነው። ጠፋብን ካላችሁ ኮፒ አድርጌ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሚኒ ማርኬት ባለቤት