የጠፋ ፋይል ለማስመለስ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ፋይል ጠፋብን ብላችሁ ስትደውሉልን ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን «የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» ብላችሁ ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ለጊዜው ምንም አትግዙ። ፋይሉ ይመለስ አይመለስ የሚወሰነው በሶፍትዌሩ ዋጋ አይደለም። የሚወስነው ፋይሉ የነበረበት ዕቃ (ዲስክ፣ ፍላሽ ወይም ካርድ) ዓይነትና ፋይሉ ከጠፋ በኋላ በዕቃው ላይ የተሠራው ሥራ ነው። በነፃ መሣሪያ ያልተገኘ ፋይል በውዱም የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ኮምፒውተር ፋይል ሲሰርዝ ይዘቱን ወዲያው አያጠፋም። ፋይሎች የት እንዳሉ በሚያሳየው መዝገብ ላይ ቦታው ነፃ ነው ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ ሰነዱም ፎቶውም ሌላ ነገር እላዩ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። የጠፋው ከፍላሽ ወይም ከካሜራ ካርድ ከሆነ ነቅላችሁ አስቀምጡት። የጠፋው ከኮምፒውተሩ ዋና ዲስክ ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፉትና ዲስኩን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ምንም ሳትሠሩ ኢንተርኔት ብቻ ብትከፍቱ እንኳ ብራውዘሩ በየደቂቃው ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ከሁሉ የከፋው ግን የማስመለሻውን ሶፍትዌር ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ አውርዶ መጫን ነው። ሊያድነው የመጣው ፕሮግራም ራሱ እላዩ ላይ ይጻፍበታል።

ቀጥሎ ፋይሉ በእርግጥ መሰረዙን አጣሩ። ከኮምፒውተሩ ዲስክ የተሰረዘ ነገር ሪሳይክል ቢን በሚባለው የዊንዶውስ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከፍላሽ የተሰረዘ፣ ወይም ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ተጭናችሁ ያጠፋችሁት ግን ወደዚያ አይገባም። ሰነዱን በቴሌግራም ለአንድ ሰው ልካችሁት ከነበረና ከቻቱ ካልተሰረዘ እዚያው ስላለ መልሳችሁ አውርዱት። ይህን ቀላል ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘውን ለ30 ቀን በቆሻሻ ቅርጫቱ ያቆያል።

የፍላሹ ፋይሎች በሙሉ ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመላክት አቋራጭ) ተቀይረው ካገኛችኋቸው ደግሞ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል። ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው። በዊንዶውስ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ «ቪው» የሚለውን ክፈቱና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ዊንዶውስ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ በሉት። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ አንዳንዴም ሁሉም ስም የሌለው በሚመስል አንድ ፎልደር ውስጥ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። የራሳችሁን ፋይሎች ብቻ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት።

አሁን ወደ እውነተኛው መሰረዝ እንምጣ። ኮምፒውተራችሁ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ካለው ተስፋችሁ ጠባብ መሆኑን ከወዲሁ ብናሳውቃችሁ ይሻላል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፋይል ሲሰረዝ ሲስተሙ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ለኤስኤስዲው ይልካል፣ ኤስኤስዲውም ያንን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ ቦታው ሲነበብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ባዶ ዜሮ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የአዳዲስ ስልኮች የውስጥ ሜሞሪም የተመሰጠረ ስለሆነ ከዚያ የጠፋ ፎቶ በጋለሪው ወይም በጉግል ፎቶስ ቅርጫት ከሌለ አለቀ ማለት ነው። ጥሩ ዕድል ያላቸው የቆዩት የሚሽከረከሩ ሃርድ ዲስኮች፣ ፍላሾችና የካሜራ ካርዶች ናቸው።

ፎቶ ቤት ያላችሁ ደንበኞቻችን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ስለ ካሜራ ካርድ ስለሆነ እሱን ዘርዘር እናድርገው። ኪውፎቶሬክ ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒየ የሠራው የፎቶሬክ የሚባል የፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም ባለ መስኮት ቅጂ ነው፤ ቴስትዲስክ ከሚባለው ሌላ የማስመለሻ ፕሮግራም ጋር በአንድ ዚፕ ይወርዳል፣ ነፃ ነው፣ መጫንም አያስፈልገውም። ካርዱን በካሜራው ገመድ ሳይሆን በካርድ ሪደር አገናኙት፤ በገመድ ሲሆን ብዙ ካሜራ እንደ ዲስክ አይታይም። ከመክተታችሁ በፊት በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ «ሎክ» ወደሚለው አቅጣጫ ግፏት፤ በስህተት እንዳይጻፍበት ትከላከላለች። ኪውፎቶሬክን ስትከፍቱ ካርዱን በመጠኑ ለዩና ምረጡ፤ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ 59 ወይም 60 አካባቢ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከታች ክፍልፋዩን (ፎቶዎቹ የነበሩበትን የካርዱን ክፍል) ምረጡ፣ የፋይል ሲስተሙን ደግሞ ፋትና ኤንቲኤፍኤስ የተጠቀሱበት ምርጫ ላይ አድርጉት። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ተሰርዘው ከሆነ «ፍሪ» የሚለውን፣ ካርዱ ፎርማት ተደርጎ ከሆነ «ሆል» የሚለውን ምረጡ። «ፋይል ፎርማትስ» ውስጥ ሁሉንም አጥፍታችሁ ጄፔግንና የካሜራችሁን ጥሬ (ሮው) ፎርማት ብቻ አብሩ፤ ካልሆነ በሺህ የሚቆጠር የማትፈልጉት ነገር ይወጣላችኋል። ማስቀመጫው የግድ ሌላ ዲስክ መሆን አለበት። ከዚያ «ሰርች»።

በሰከንድ 20 ሜጋባይት በሚያነብ ሪደር ባለ 64ቱ ካርድ ወደ 55 ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ከሄደ ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ሥሩት።

የሚወጡት ፋይሎች የድሮ ስማቸውም ፎልደራቸውም አይኖርም፤ ከኤፍ ቀጥሎ ረጅም ቁጥር ይሆናል ስማቸው። ፎቶሬክ የሚሠራው መዝገቡን ትቶ ይዘቱን በማንበብ፣ እያንዳንዱ ዓይነት ፋይል የሚጀምርበትን ምልክት በመፈለግ ስለሆነ ነው። በቲ የሚጀምሩት ጄፔጎች ጥቃቅን የቅድመ እይታ ምስሎች ናቸው፤ ለይታችሁ አጥፏቸው። ቀሪውን በመጠን ደርድሩት። ትልልቅ ቪዲዮዎች ብዙ ጊዜ ይቸግራሉ፤ ካርዱ ላይ ተቆራርጠው ስለሚቀመጡ ግማሹ ብቻ ይወጣል፣ ወይም ጭራሽ አይከፈትም።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የያዛችሁት ሒሳብ የጠፋባችሁ ግን ፎቶሬክን አትሞክሩት። የአንድ ድርጅት ሒሳብ በፒችትሪ አንድ ፋይል አይደለም፤ እርስ በርሱ የተያያዘ የብዙ ፋይሎች ፎልደር ነው፣ ስሙን ያጣ ቁራጭ ለምንም አይሆንም። ስምና ፎልደር የሚጠብቅ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው፦ ሬኩቫ የሚባለው የማስመለሻ ፕሮግራም ነፃ ቅጂ ወይም ቴስትዲስክ ውስጥ ያለው የመመለሻ ክፍል። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ነፃ መሣሪያ አለ፤ ትእዛዝ እየጻፉ የሚሠሩበት ስለሆነ ለለመደው እንጂ ለጀማሪ አንመክረውም። ያም ሆኖ መጀመሪያ በየፍላሹና በየኢሜይሉ የቀረ ባክአፕ ፈልጉ። የወር ባክአፕ ከተገኘ የጎደሉትን ቀናት ከደረሰኝ መልሶ መመዝገቡ የተበጣጠሰ ዳታ ከማቃናት ይቀላል።

ፍላሽ ስትከቱ ዊንዶውስ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርግ» ካላችሁ «ካንስል» በሉት። መብራት ሲሄድ ወይም ፍላሹ እየተጻፈበት ሲነቀል መዝገቡ ይበላሻል እንጂ ይዘቱ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ዲስኩን ለመጠገን የሚያቀርበውን «ስካን ኤንድ ፊክስ» የሚለውንም ፋይላችሁን ሳታወጡ አትንኩት፤ እሱ የሚጨነቀው ለዲስኩ ጤና ነው፣ ለእናንተ ሰነድ አይደለም። ክራክ የተደረጉ (ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ቁልፋቸው የተሰበረ) የማስመለሻ ሶፍትዌሮችን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ከቫይረስ ጋር ስለሚመጡ ይቅሩባችሁ።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም አንዴ እየታየ አንዴ ከጠፋ ምንም ሶፍትዌር አታስነሱበት። ችግሩ የመሰረዝ ሳይሆን የመሣሪያ ነው፤ ሙሉ ዲስክ የሚያነብ ፕሮግራም እየሠራ በሄደ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል።

ወደ እኛ ስትመጡ ምን ዓይነት ፋይል እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋና ከዚያ በኋላ ምን ምን እንደሞከራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፤ የሞከራችሁትን አትደብቁን። ከጠፋው ዕቃ መጠን የማያንስ ባዶ ዲስክም ያዙ። የምትፈልጉት ጥቂት ፋይሎችን ብቻ ከሆነ ስማቸውን፣ ስማቸው ከጠፋ ደግሞ ሰነዱ ውስጥ ያለ አንድ የማይደጋገም ቃል ጻፉልን፤ በእሱ እንፈልጋቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍል