የጌም ኮምፒውተር የሥራ መሣሪያም መሆኑ ይታሰብልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ነዋሪነቴ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በወላጆች ስብሰባም ሆነ በዕድር ቀን ደጋግሜ የምሰማው አንድ አስተያየት ነው። ይኸውም ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ለልጅ የጌም ኮምፒውተር መግዛት ቅንጦት ነው፣ እንዲያውም ነውር ነው የሚለው ነው። አስተያየቱ ከክፋት እንዳልመነጨ አውቃለሁ፤ የጤፉን፣ የዘይቱንና የትራንስፖርቱን ወጪ ችሎ ወር የሚደርስ ወላጅ ስለ ግራፊክስ ካርድ ሲነሳ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ አመለካከት የተመሠረተበት፣ የጌም ኮምፒውተር ከመጫወቻነት አያልፍም የሚለው ግምት ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ጉዳቱም ከሁሉ በላይ የሚያርፈው እንደኛ ባለ ዳር ሰፈር በሚያድጉ ልጆች ላይ ነው።

የጌም ኮምፒውተር ከተራው የቢሮ ኮምፒውተር በዋናነት የሚለየው በግራፊክስ ካርዱ ነው። ይህ ካርድ እጅግ ብዙ ትንንሽ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ እየሠራ በማያው ላይ የምናየውን ምስል ያዘጋጃል። ያው ካርድ፣ ያንኑ ስሌት እየሠራ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ የሣለውን ቤት ብርሃንና ጥላ ሰጥቶ ያሳየዋል፤ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረውን ወጣት ሥራ ያፋጥንለታል፤ አኒሜሽን ለመሥራትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን ለመሞከርም ያገለግላል። ብሌንደርን የመሰለ፣ በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች የሚሠሩበት የሥዕልና የአኒሜሽን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል። ለልጆቻችን የጎደላቸው ሶፍትዌሩ ሳይሆን እርሱን የሚሸከም ኮምፒውተር ነው። ካስተማርኳቸው ተማሪዎች መካከል ዩኒቨርሲቲ ገብተው በደካማ ላፕቶፕ አንድ ሥዕል እስኪያልቅላቸው ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁ አሉ።

ስለ ዋጋው ስንነጋገር ደግሞ መሣሪያው በራሱ ተወደደ ወይስ የእኛ ገንዘብ ረከሰ ብለን መለየት ይገባናል። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ አርቲኤክስ 4060 የተሰኘውን ካርድ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ለገበያ ሲያቀርብ መነሻ ዋጋው 299 ዶላር ነበር፤ ተተኪውን አርቲኤክስ 5060ን በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሲያወጣም መነሻ ዋጋው ያው 299 ዶላር ነበር። በዶላር ምንም አልጨመረም ማለት ነው። በብር ስናሰላው ግን የመጀመሪያው በጊዜው የባንክ ተመን 16 ሺህ 400 ብር ገደማ ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላር ከ130 ብር ካለፈ በኋላ፣ ከ38 ሺህ 800 ብር በላይ ሆኗል። በርግጥ ቀድሞም ቢሆን አስመጪው በባንክ ተመን ዶላር እንደልቡ ስለማያገኝ ብዙው በጥቁር ገበያ ይገዛ ነበርና፣ ሱቅ ውስጥ የነበረው ዋጋ ከባንኩ ስሌት እጅግ የራቀ እንደነበር የምናስታውሰው ነው። ያም ሆኖ በዚህ ላይ የማጓጓዣው፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱና የነጋዴው ትርፍ ሲታከልበት፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የጀማሪ ባለዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11 ሺህ 500 ብር መሆኑን ስናስብ፣ ካርዱ ብቻውን የወራት ሙሉ ደመወዝ ይበላል። ስለዚህ ኮምፒውተር ጠየቀ ተብሎ የሚወቀሰው ልጅ ዋጋውን የወሰነው እርሱ አለመሆኑ ሊታወቅለት ይገባል።

ይህ አልበቃ ብሎ ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወዲህ የራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል፣ ዋጋ በመላው ዓለም አሻቅቧል። የዓለምን የራም ምርት በአብዛኛው የያዙት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ማዞር የበለጠ አትራፊ ሆኖላቸዋል፤ ማይክሮንም ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ያቀርብ የነበረውን ምርት እንደሚያቆም በኅዳር 2018 ዓ.ም. አስታውቋል። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11፣ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና የስሌት ክፍል) ኢንቴል ከሆነ፣ በመደበኛው መስፈርት በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መገናኛና መርካቶ ውስጥ ተደርድረው የሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ስንቶቹ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን እንደሆኑ ሱቅ ለሱቅ የዞረ ሰው ያውቀዋል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛትን አልቃወምም፤ ለአብዛኞቻችን ያለው መንገድ እርሱ ነው፤ ዕቁብ ገብቶ ለልጁ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ወላጅ የሚመሰገን ነው። የምቃወመው ገዢው የገዛውን ሳያውቅ እንዲሄድ መደረጉን ነው። የጎረቤቴ ልጅ የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው ተብሎ የተሸጠለት ላፕቶፕ ቤት ገብቶ ሲታይ ካርዱ ፈጽሞ አልነበረውም፤ ሻጩም በደረሰኙ ላይ ላፕቶፕ ከማለት በቀር የጻፈው ነገር ስላልነበረ የሚከራከሩበት ማስረጃ ጠፋ። በዓለም ገበያም ከመስከረም 2015 ዓ.ም. በኋላ፣ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ባገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ቀርበዋል። ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ኮምፒውተሩ ተከፍቶ፣ ታስክ ማኔጀር በሚለው ውስጥ የካርዱ ስም እንዲታያቸው ይጠይቁ፤ የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን፣ የራሙ መጠንና የካርዱ ሞዴልም በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስፈርላቸው። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ዘንድ ባይገዙ ይሻላል።

መብራት ይበላል የሚለውን ሥጋት በፊዚክስ መምህርነቴ አጭር መልስ ልስጥበት። የጠቀስኩት አርቲኤክስ 4060 ካርድ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚወስደው 115 ዋት ገደማ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ግን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። ይልቅ የሚያሳስበው የኃይሉ መውጣትና መውረድ ነው፤ እንደኛ ባለ ሰፈር ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ማስቀመጥ ንብረትን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ፣ የዩፒኤሱ ዋጋ ከመጀመሪያው በወጪው ውስጥ ሊታሰብ ይገባል።

ልጆች በጨዋታ ተጠምደው ትምህርታቸውን ይተዋሉ የሚለው ፍርሃት እውነትነት አለው፤ እኔም ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉትን አያለሁ። ሆኖም ኮምፒውተር የተከለከለ ልጅ ጨዋታ አይቀርበትም። በየብሎኩ ሥር ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች በየጨዋታው እየከፈለ፣ ወላጁ በማያየው ቦታ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያመሻል። እዚያ የሚማረው መጫወትን ብቻ ነው፤ መሣሪያው ሌላ ነገር እንዲሠራበት አይፈቅድለትምና። ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሰዓት ሊወሰንለት ይችላል፤ ጨዋታውን የወደደ ልጅም ጨዋታው እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ሲጀምር የሚሞክርበት አለው። ከተማሪዎቼ መካከል ቬክተርን ከእኔ ሰሌዳ ይልቅ ኳስ የሚወረውር ትንሽ ጨዋታ ለመሥራት ሲል በሚገባ የተረዳ አለ፤ በዚህም ከልቤ ተደስቻለሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናን ሲጀምር ትምህርቱ በነፃ መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ሁለቱም ልጆቻችን ኮምፒውተር ዘንድ ሊደርሱ ይችላሉ ከሚል እሳቤ የተነሡ ናቸው። አራት ኪሎ ያለው፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለማንበብም ኮምፒውተር ለመጠቀምም የሚያኮራ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ታክሲ መቀያየርና ረጅም ሰልፍ መጠበቅ ስላለ፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ ሄዶ ሊሠራበትና ሳይመሽበት ሊመለስ አይችልም።

ስለዚህ የክፍለ ከተማችንና የወረዳችን ኃላፊዎች አንድ ነገር እንዲያደርጉልን በዚህ ጋዜጣ በኩል እጠይቃለሁ። በየወረዳው ባሉት የወጣት ማዕከላት ውስጥ፣ ከፑልና ከጠረጴዛ ቴኒሱ ጎን፣ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች ከዩፒኤሳቸው ጋር ይቀመጡ፤ ክፍሉም ተማሪዎች ነፃ በሚሆኑበት በአመሻሹና በቅዳሜና እሑድ ክፍት ይሁን። ለማስተማርና ለመጠበቅ ተራ የምንገባ መምህራን በአካባቢው አለን፤ እኔም የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ለመያዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ