ልጁን ትቶ አባቱን የሚጠራ ሶፍትዌር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር የኮሌጅ መምህር ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፉን የማማክረው አንድ ተማሪ ረቂቁን ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። መብራት ስላልነበረ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የዋቢ ዝርዝሩን በእርሳስ ስናየው፣ «ማርያም» በሚል ስም የተደረደሩ ሦስት ጸሐፊዎች አገኘን። ለካስ አባታቸው ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ማርያም እና ወልደ ማርያም የሚባሉ፣ የማይዛመዱ ሦስት ሰዎች ኖረዋል። ስሞቹ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ስለነበራቸው ዋቢ የሚደረድረው ሶፍትዌር የመጨረሻዋን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ቆርጦ አወጣት፣ የቀረውን በአንድ በአንድ ፊደል አሳጠረው። ተማሪው «መምህር፣ እኔ አይደለሁም፣ ሶፍትዌሩ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሶፍትዌሩም ቢሆን አልተበላሸም። የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት በመሆኑ፣ የታሪክ ምሁሩን ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትን «ታምራት፣ ታ.» ብሎ መመዝገብ የልጅን ድካም ለአባት ማውረስ ነው።

ከስሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ የዘመኑ ጉዳይ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚታተም፣ አንዱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 650/2001፣ በእንግሊዝኛው 650/2009 ተብሎ ተጽፏል። ተማሪው ከሁለቱም ስለጠቀሰ አንዱ አዋጅ በስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት አዋጆች ሆኖ ተዘረዘረ። እሱን የተካው አዋጅ ደግሞ በእንግሊዝኛው 1152/2019 ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ ቁጥሩ በ1152/2011 ስለገባ፣ ከቀድሞው ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ የወጣ መሰለ። ይባስ ብሎ ተማሪው ዝርዝሩን አምኖ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ ሕጉ ለምን በሁለት ዓመት ውስጥ እንደተለወጠ አራት ገጽ ሙሉ ተንትኖበታል።

ሶፍትዌሩ ይቅር አልልም፤ በታይፕ ዘመን ሁለት መቶ ዋቢ በእጅ መደርደር ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ (ያን ጊዜም ስሕተት አይጠፋም ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን ይታወቅ ነበር)። ቅሬታዬ ዋቢ በሶፍትዌር ካልተሠራ አንቀበልም እያሉ፣ የኢትዮጵያውያን ስምና ዘመን እንዴት እንደሚገባ አንድ ገጽ መመሪያ በማያወጡ የትምህርት ክፍሎች ላይ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዞቴሮን የመሰለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር እንኳ ሙሉ ስምን ሳይገለብጥ በአንድ ሣጥን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚጻፍ አስቀድሞ መወሰን፣ ከዚያም እያንዳንዱን መስመር ከመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ጋር ማመሳከር ግን የሰው ሥራ ነው፤ አማካሪዎችም፣ እኔን ጨምሮ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳናነብ መፈረም የለብንም።

ተማሪዬ ስሞቹን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በቂው ነበር። ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን እንደ አዲስ እየጻፈው ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ፣ ከኮዬ ፈጬ