የሸረሪት ድር በአንድ ቁጥር አይለካም፦ ለምርምር ገንዘብ መዳቢው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሳይንስ ምርምር ገንዘብ ለሚመድበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የተፈጥሮን አሠራር ተከትለው በኬሚካዊ መንገድ ለሚሠሩ ፖሊመሮች የሚወጣው የምርምር ጥሪ መመዘኛ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክ ያለ ከረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት የተሠራ ቁስ፣ በመሥራትና በመፈተሽ ሙያ ላይ የተሰማራን ኬሚስቶች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ ዘርፍ ገንዘብ ሲመደብ አሸናፊው «ስንት ሜጋፓስካል ተሸከመ?» በሚል ጥያቄ ብቻ አይለይ። ሜጋፓስካል ቁሱ በስፋቱ ልክ የሚሸከመው የመጎተት ኃይል መለኪያ ነው።

ምክንያቱን በሁለት ናሙናዎች እናስረዳ። አንደኛው ሲጎተት 50 ሜጋፓስካል ይሸከምና ርዝመቱ ገና በ4 በመቶ እንደጨመረ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሁለተኛው ከ10 ሜጋፓስካል አያልፍም፤ ነገር ግን በአማካይ 6 ሜጋፓስካል እንደያዘ እስከ 500 በመቶ ይለጠጣል። በጥንካሬ ብቻ ከተመዘኑ አንደኛው 5 እጥፍ ይበልጣል። እስኪሰበሩ ድረስ የዋጡት ኃይል ሲሰላ ግን አንደኛው በሜትር ኩብ 1 ሜጋጁል፣ ሁለተኛው 30 ሜጋጁል ይሆናል። ይህን ኃይል የመዋጥ ችሎታ አይበገሬነት እንበለው። የራስ ቁር፣ ገመድ ወይም ሰው ሠራሽ ጅማት ለሚሠራ ሰው ወሳኙ እሱ ነው።

ተፈጥሮም የተካነችው በዚሁ ነው። ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበት ኬቭላር 3.6 ጊጋፓስካል ያህል ይሸከማል፤ የሸረሪት ዋና የድር ክር 1.1 ጊጋፓስካል ገደማ። የሚውጡት ኃይል ሲነጻጸር ግን ድሩ በሜትር ኩብ ወደ 160 ሜጋጁል ሲደርስ ኬቭላር 50 ላይ ይቆማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። የድሩ ኬሚስትሪ በዚህ አባባል ላይ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ አንበሳው የሚታሰረው ትስስሩ ሁሉ እኩል ስለጠነከረ አይደለም። አላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ክሩን አጥብቀው ሲይዙት፣ ግላይሲን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ የበዛበት ልል ክፍል ደግሞ እየተፈታ ኃይሉን ይበላል። በጡንቻችን ውስጥ ያለው ቲቲን የተባለው ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። እንደ ዶቃ የተደረደሩ እጥፋቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተሙ ሙከራዎች አንዱ ሞለኪውል ሲጎተት እጥፋቶቹ ከ150 እስከ 300 ፒኮኒውተን በሚደርስ ኃይል ተራ በተራ እንደሚፈቱና ሲለቀቁ መልሰው እንደሚታጠፉ አሳይተዋል። ዋናው ሰንሰለት ሳይበጠስ ደካማው ትስስር ቀድሞ ይሠዋል።

ይህን በኬሚስትሪ መድገም ይቻላል። ዩሬይዶፒሪሚዲኖን የተባለው ቡድን ከመሰሉ ጋር በአራት የሃይድሮጅን ቦንድ ይጣመራል፤ በሰንሰለት ላይ ሲተከል እንደ ቲቲን እጥፋት የሚፈታና የሚመለስ ቁልፍ ይሆናል። አሠራሩ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሜቲልአይሶሳይቶሲን በብዙ ትርፍ ሄክሳሜቲሊን ዳይአይሶሳያኔት (በሁለቱ ጫፎቹ አይሶሳያኔት የተባለ በቀላሉ የሚጣመር ቡድን ያለው ፈሳሽ) ውስጥ፣ እርጥበት በሌለው ናይትሮጅን ሥር፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል። ከዚያ ፔንቴን ውስጥ ሲፈስ ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል። ትርፉ የሚያስፈልገው የዳይአይሶሳያኔቱ ሁለት ጫፎች አብረው እንዳይያዙ ነው። ይሁንና ያው ትርፍ ዱቄቱ ውስጥ ከቀረ በሚቀጥለው ደረጃ ሰንሰለቶችን እርስ በርስ ይሰፋቸዋል፤ በሃይድሮጅን ቦንድ ሳይሆን ዳግም በማይፈታ ቦንድ። ውጤቱ በፈተና ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የተገኘው ግን የታሰበው ቁስ አይደለም። ስለዚህ ዱቄቱ በፔንቴን ደጋግሞ ይታጠባል። ዳይአይሶሳያኔት ሳንባን የሚጎዳ ስለሆነም ሥራው ሁሉ ጭስ መምጠጫ ሥር መሆን አለበት።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ውሃ ነው። 25 ግራም ኤምዲአይ፣ ማለትም ፖሊዩሬቴን የሚሠራበት ሌላ ዳይአይሶሳያኔት፣ 100 ሚሊሞል ነው፤ ማለትም 200 ሚሊሞል አይሶሳያኔት። አንድ ጠብታ ውሃ፣ 50 ሚሊግራም ያህል፣ ወደ 2.8 ሚሊሞል ይሆናል። እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል ሁለት አይሶሳያኔት ይበላል፦ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቶ ወደ አሚን ይለውጠዋል፣ አሚኑ ደግሞ ሌላውን ይይዛል። ከፖሊኦሉ (ከአይሶሳያኔት ጋር ተጣምሮ ሰንሰለቱን ከሚሠራው ሌላ ጥሬ ዕቃ) ጋር በ1 ለ1 የታሰበው ልኬት ወደ 0.97 ይወርዳል። ከልኬቱ የሰንሰለትን ርዝመት በሚያወጣው የካሮዘርስ ቀመር ሲሰላ፣ ሌላው ሁሉ ያለ እንከን ቢሄድ እንኳ፣ አማካዩ ሰንሰለት ከ70 ክፍሎች ብዙም አያልፍም። በዚህ ርዝመት ሰንሰለቶች በቅጡ ላይጠላለፉ ስለሚችሉ ስስ ሽፋኑ በጣት ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ውስጡም በአረፋ ይሞላል። መድኃኒቱ ይታወቃል። ፖሊኦሉ በ100 ዲግሪ በቫክዩም ሥር ለሰዓታት ይደርቃል፣ አሟሚው በ300 ዲግሪ በተጋገረ ሞለኪውላር ሲቭ በተባለ ውሃ መጣጭ ላይ ያድራል፣ የቀረው እርጥበት ካርል ፊሸር በተባለው የውሃ መለኪያ ዘዴ ይለካል፣ ሥራው ማለቁም በኢንፍራሬድ መለኪያ የአይሶሳያኔቱ የ2270 cm⁻¹ መስመር በመጥፋቱ ይረጋገጣል። ግን ይህ ሁሉ ጊዜና የፍጆታ ዕቃ ይጠይቃል፤ በጀቱ ግን ብዙ ጊዜ ለትልቅ ማሽን እንጂ ለማድረቂያ፣ ለፔንቴንና ለሞለኪውል ክብደት መለኪያ ዓምድ አይተርፍም። ያልደረቀ ጥሬ ዕቃ ይዞ ውድ የመጎተቻ ማሽን መግዛት ስህተትን በትክክል ለመለካት ብቻ ነው የሚጠቅመው።

መስል ከተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የተወሰደው መንገድ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስል በባሕር ውሃ ውስጥ ዓለት ላይ የሚጣበቀው ዶፓ በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ባለው ካቴኮል ነው። ካቴኮል ፖሊመሩን የሚያሳድጉትን ፍሪ ራዲካል የተባሉ ንቁ ሞለኪውሎች የሚይዝ ወጥመድ ስለሆነ ሳይሸፈን ወደ ፖሊመር ማሰሮ ከገባ ሂደቱን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ በመከላከያ ቡድን ይሸፈናል፣ በመጨረሻም ይገለጣል። ከተገለጠ በኋላ አየርና አልካሊ ካገኘው ወደ ኪኖን ይለወጣል፤ ናሙናው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይቡናማል፣ የመጣበቅ ኃይሉም ይቀንሳል። እንስሳው ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል ሙጫውን የሚያፈሰው አሲዳማ በሆነ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ታይኦል የተባለ ሰልፈር ያለው ቡድን የበዛበት ሌላ ፕሮቲንም ኪኖኑን መልሶ ወደ ካቴኮል ይቀይርለታል። እኛ ቢያንስ ናሙናውን በአርጎን ሥር እናስቀምጥ፤ ሪፖርቱም የተሠራበትን ቀንና የተፈተነበትን ቀን ለየብቻ ይጻፍ።

በሃይድሮጅን ቦንድ የተያዘ ቁስ ፍጥነትንም እርጥበትንም ይሰማል። በደቂቃ 5 ሚሊሜትር ሲጎተት ቦንዶቹ ለመፈታትና ለመመለስ ጊዜ ያገኛሉ፤ በ500 ሚሊሜትር ሲጎተት አያገኙም፣ ቁጥሩም ይለወጣል። ውስጡ የቀረ አሟሚ ደግሞ እንደ ማለስለሻ ሆኖ ቁሱን ከልኩ በላይ ያስለጥጠዋል፤ ስለዚህ ስስ ሽፋኑ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በቫክዩም ሥር ይድረቅ። የሸረሪት ድር ራሱ ሲረጥብ እስከ ግማሽ ርዝመቱ ይሸበሸባል። በደረቅ ክፍል ብቻ የተፈተነ ቁስ በላብ፣ በዝናብ ወይም በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን አይነግረንም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጥሪ አመልካቾችን እነዚህን እንዲያስገድድ እንጠይቃለን። ፈተናው የፕላስቲክ የጉተታ ፈተና ዓለም አቀፍ መስፈርት በሆነው በአይኤስኦ 527 መሠረት ቢያንስ በ5 ናሙናዎች፣ በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት ይካሄድ፤ ቢያንስ በሁለት የጉተታ ፍጥነትና 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላም ይደገም። ከጥንካሬው ጎን የዋጠው ኃይል ይጻፍ። ናሙናው እስከ 100 በመቶ ተለጥጦ ከተለቀቀ በኋላ ከ1 ደቂቃ፣ ከ10 ደቂቃና ከ1 ሰዓት ዕረፍት በኋላ እንደገና ይጎተት፤ መልሶ የማይነሳ ቁስ የቲቲንን ስም ሊሸከም አይገባም። የሞለኪውል ክብደት ያልተለካለት ውጤት ነጥብ አያግኝ። ቁሱም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከመነሻው ይሠራ፤ ከሦስቱ አንዱ ለሥራው ባዳ በሆነ ቤተ ሙከራ ይሁን፤ የከሸፈው ዙርም ከነምክንያቱ ይቅረብ። ይህ በአንድ የበጀት ዓመት አያልቅም፤ ሦስት ዓመት ይሰጠው፣ ለማጣሪያና ለማድረቂያም ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ይከፈትለት።

ከመመዘኛው ሰነድ ጋር የሚያያዝ የፍተሻ ቅጽ ረቂቅ በነጻ አዘጋጅተን ለማቅረብ፣ ለገምጋሚዎችም በቤተ ሙከራ ተገኝተን ለማሳየት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የፖሊመር ኬሚስትሪ ባለሙያዎች