ሙቀቱ ሲበርድ ሥጋታችንም ይበርዳል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በሚያዝያ ቀትር ፒያሳ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ጎንደሬ ሁሉ የአየር ንብረት ሊቅ ነው። ላቡን እየጠረገ «ዓለም አበቃላት» ይላል። ያው ሰው ሐምሌ ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጋቢውን ተከናንቦ «ታዲያ ሙቀቱ የታለ?» ይላል።

አመሉ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ቀኑ ከወትሮው የሞቀ የመሰላቸው ሰዎች በምድር መሞቅ ይበልጥ ያምናሉ፤ ይበልጥም ይሰጋሉ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ግን የአየር ንብረትን የሚመዝነው በ30 ዓመት አማካይ ነው።

የደምቢያ ገበሬ ከእኛ ከከተሜዎቹ ይሻላል ባይ ነኝ። እሱ የሚይዘው ዝናቡ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ የሚለውን ነው። ሽምብራው የሚበቅለው ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር በያዘው እርጥበት ነው። ዝናቡ ቀድሞ ከተቆረጠ ጉዳዩ የጎተራ ነው። እርግጥ እሱም ክፉውን ዘመን ከደጉ አብልጦ ያስታውሳል። ማንስ አያስታውስ!

ደግሞ ሁሉን በአየር ንብረት ላይ ማላከክ ለምደናል። ቧንቧ ሲደርቅ «ዝናብ ጠፍቶ ነው» እንላለን። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብ ደለል እንደሚሞላው ማን ያነሳል?

እባካችሁ ስለ ሙቀት ስትዘግቡ የመንገደኛ አስተያየት ብቻ አትልቀሙ። የጎንደርን የቆየ የሙቀትና የዝናብ መዝገብም ጎን ለጎን አትሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር