ልጁ ከክፍል ሲባረር ምን ይማራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በግል ትምህርት ቤት የሚያስቸግር ልጅ ሲያጋጥም አካሄዱ የታወቀ ነው። ወላጅ ይጠራል፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ልጁ ለጥቂት ቀናት ይታገዳል፣ ካልሆነም ለቀጣዩ ዓመት እንዳይመዘገብ ይነገረዋል። ወላጁ ደግሞ ወይ «ከፍዬ እያስተማርኩ» ብሎ ይቆጣል፣ ወይ አፍሮ ልጁን ይገርፋል። ልጁ ያንን የሚያደርገው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ሥራችን ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር ስለሆነ፣ ለወላጆችም ለመምህራንም የሚጠቅም ጥቂት ነገር ለማለት ወደድን።

የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ደብተር የሚቀድ ልጅ እንውሰድ። መምህሩ ያስወጣዋል፤ ቢሮ በር ላይ ይቀመጣል፤ ተደውሎ እናቱ ትወስደዋለች። ትምህርት ቤቱ የቀጣው ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ከሚያስጨንቀው ሒሳብ ተገላገለ። በማግስቱ ደብተሩን ቀደም ብሎ ቢቀድ ሊገርመን አይገባም። ልጆች የሚያስቸግሩት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች ለአንዱ ነው፤ ከከበዳቸው ነገር ለማምለጥ፣ የሰው ትኩረት ለማግኘት፣ የሚፈልጉት ነገር እንዲሰጣቸው፣ ወይም ሰውነታቸው እንቅስቃሴ ወይም ጸጥታ ሲሻ። ለአንዱ የሚሆነው መፍትሔ ሌላውን ያባብሳል። ትኩረት ፈልጎ የሚጮኽን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ረጅም ተግሣጽ መስጠት የፈለገውን መስጠት ነው።

ምክንያቱ የሚታወቀው በመጻፍ ነው። አንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ይሰመር፤ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። ሰዓቱ፣ የትምህርቱ ዓይነትና አጠገቡ የነበረው ማን እንደሆነም ይጨመር። «ዛሬም ባለጌ ነበር» የሚል ጽሑፍ ለምንም አይረዳም። «ተነሥተህ አንብብ ሲባል መጽሐፉን ወረወረ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ ወደ ውጭ ተላከ» የሚለው ግን ብዙ ይናገራል፤ ምናልባት ልጁ ማንበብ አይችል ይሆናል። ሁለት ሳምንት ያህል በትምህርት ቤትም በቤትም ከተጻፈ ችግሩ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ትምህርት ላይ እንደሚደጋገም ራሱ ይታያል።

ከዚሁ ጎን ለጎን ልጁ ይመርመር። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ «ትእዛዝ አይቀበልም» ይባላል፤ ሰሌዳው የማይታየው ይቁነጠነጣል። በየመሀሉ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ሐሳቡ የሄደበት ሳይሆን ቀላል የሚመስል የሚጥል በሽታ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እንቅልፍም አይዘንጋ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልገዋል። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለበት ለማለት ደግሞ ምልክቶቹ ከ12 ዓመቱ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ለ6 ወር የቆዩና ከአንድ በላይ ቦታ የሚታዩ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ማንም መምህር በግምት ስም አይለጥፍበት፤ ሐኪሙም የትምህርት ቤቱን ማስታወሻ ማየት ይኖርበታል። ቤት ውስጥ ሰላማዊ ሆኖ ትምህርት ቤት ብቻ የሚያስቸግር ልጅ ካለ ምክንያቱ የሚፈለገው እዚያው ነው፤ የሚያስፈራራው ልጅ፣ ያልገባው ትምህርት ወይም የሚያዋርደው ሰው ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ ልጁ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደው የዕለት ካርድ ይዘጋጅ። ካርዱ ላይ ከሦስት የማይበልጡ፣ ሊቆጠሩ የሚችሉ ግቦች ይጻፉ። «ጨዋ ሁን» ግብ አይደለም፤ «ሥራ በተሰጠ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል» ግብ ነው። መምህሩ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ምልክት ያደርጋል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያው ሳምንት ግብ ልጁ በአብዛኛው ቀን ሊያሳካው የሚችል ይሁን፤ አሁን ከስድስት ክፍለ ጊዜ ሁለቱን በሰላም የሚያልፍ ከሆነ ከሦስት ይጀመር። ሽልማቱ ቤት፣ በዚያው ቀን ይሰጥ፤ ገንዘብም አይፈልግም፤ የማታውን ጨዋታ መምረጥ ወይም ከአባቱ ጋር ብቻውን ግማሽ ሰዓት ማሳለፍ ይበቃል።

ካርዱ የሚበላሸው በጥቂት መንገድ ነው። መምህሩ ጥፋት ብቻ ሲጽፍበት የክስ ወረቀት ይሆናል፤ ልጁም መንገድ ላይ ይጥለዋል። ወላጅ ሽልማቱን ለወር መጨረሻ ሲያቆይ፣ ወይም ልጁ ያገኘውን በሌላ ጥፋት ሲነጥቀው ካርዱ ዋጋ ያጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን መሀል ላይ መተው ነው። ልጁ በጩኸት ያገኝ የነበረው ነገር ሲቀርበት ለጥቂት ቀናት ብሶበት ይጮኻል። ያን ጊዜ ተሸንፈን ከሰጠነው፣ የሚሠራው አብዝቶ መጮኽ ነው ብሎ ይይዛል። በትምህርት ቤት የተቀጣበትንም ማታ ቤት ደግሞ መቅጣት ቁጣ እንጂ ትምህርት አይደለም።

ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር በር ላይ ቆሞ አይነጋገር። ቀጠሮ ይያዝ፤ የክፍል መምህሩና የዲሲፕሊን ኃላፊው ይገኙ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ የሚገመገምበት ቀን ይቆረጥ። ልጁ ሲቆጣ የት ሄዶ እንደሚረጋጋ፣ ማን አብሮት እንደሚሆንና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ይወሰን። ከተረጋጋ በኋላ ወደ ጀመረው ሥራ ይመለስ፤ ሃያ ጥያቄ ከብዶት ከሆነ አምስት ይሰጠው እንጂ ጨርሶ አይቅርለት። የግል ትምህርት ቤት በራሱ ደንብ ስለሚተዳደር፣ በምን ጥፋት እንደሚያሰናብትና የተከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚሆን ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚያው ጊዜ የልጁን ችግር መደበቅ አያዋጣም፤ በመጀመሪያው ወር መታወቁ አይቀርም፤ መምህሩም ተታለልኩ ብሎ ይጀምራል።

ትምህርት ቤቶችም አንድ ነገር ያስቡበት። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ይህ ደግሞ የግሉንም ይመለከታል። ልጁ መልቀቁ ግድ ከሆነ እንኳ ከመሸኛው ጋር ምን እንደሚያስቆጣው፣ ምን እንደሚያረጋጋውና የትኛው ግብ እንደተሳካለት የተጻፈ አንድ ገጽ ለወላጁ ይሰጥ። አዲሱ መምህር ከዜሮ እንዳይጀምር የሚረዳው ያ ገጽ ነው።

ከአክብሮት ጋር
በልጆች ጠባይና ትምህርት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች