ከሽልማቱ በፊት የፈረቃ ሰሌዳው

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሴት ሼፎች የሚጻፈው ነገር አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። አንዲት ጎበዝ ሴት ትገኛለች፣ ነጭ ጃኬቷን ለብሳ ፎቶ ትነሳለች፣ ከላይ «በወንዶች ዓለም የደመቀች» ይባልላታል። ሳነበው ደስ ይለኛል። ግን ዕድሜዬን በኪችን ውስጥ ያሳለፍኩ፣ አሁን ደግሞ ፈረቃ የማወጣ ሰው ነኝና አንድ ነገር ይከነክነኛል። የጎበዝ ሴት እጥረት ኖሮብን አያውቅም። ችግሩ የገቡት የማይቆዩበት አሠራር ነው።

የጉብዝናው ነገር ከተነሳ፣ ዩጄኒ ብራዚዬን ማስታወስ ይበቃል። በእርሻ ቤት ያደገች ፈረንሳዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1933 ሁለቱ ምግብ ቤቶቿ ምግብ ቤቶችን በኮከብ ከሚመዝነው የፈረንሳይ መጽሐፍ ከሚሼሊን እያንዳንዳቸው ከፍተኛውን ሦስት ኮከብ አገኙ። በአንድ ጊዜ ስድስት ኮከብ የያዘ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም፤ ወንድም ሴትም። ዝነኛው ሼፍ ፖል ቦኩዝ እንኳ በወጣትነቱ እሷ ዘንድ ሠርቷል። ሆኖም ፈረንሳዊቷ ሼፍ አን-ሶፊ ፒክ እ.ኤ.አ. በ2007 ሦስተኛ ኮከቧን ስታገኝ፣ በፈረንሳይ አንዲት ሴት እዚያ ከደረሰች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ዶሚኒክ ክሬን ሦስት ኮከብ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሼፍ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በመሃል ሴቶች ማብሰል አልረሱም።

ታዲያ የት ይቀራሉ? ቅጥር ላይ ብዙም ልዩነት አይታይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ክፍል ሲመደብ ነው። ወንዱ ወደ ምድጃው፣ ወደ ጥብሱና ወደ ሶሱ ይላካል። ሴቷ ወደ ሰላጣ ወይም ወደ ጣፋጭ ክፍል። «እጅሽ ለጣፋጭ ጥሩ ነው» ትባላለች፤ ምስጋና ስለሚመስል ማን ይቃወመዋል? ጣፋጭ ክፍልን መናቄ አይደለም። ግራም የሚሳሳት ሰው እዚያ አንድ ቀን አይውልም። ነገር ግን ሱስ ሼፍ፣ ማለትም የዋናው ሼፍ ምክትል፣ ሲመረጥ፣ የሚታየው ኦርደር በተደራረበበት ሰዓት ምድጃውን የመራው ሰው ነው። እዚያ ቆሞ የማያውቅ ሰው ስሙ አይነሳም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል በኪችን አይሠራም፤ እድገት የሚገኘው ሲታዩ ነው። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ሠራተኛ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በሁሉም ክፍል መዞር አለበት። መቼ የት እንደሚዞርም ቀኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። «ወደፊት እናያለን» ከተባለ አለቀ።

«ድስቱ ለሴት ይከብዳል» የሚሉም አሉ። አርባ ሊትር ሾርባ ከነድስቱ ከአርባ ኪሎ በላይ ነው። እሱን ብቻውን ማንሳት ያለበት ሰው የለም። ወገባቸው የተጎዳ ስንት ወንድ ሼፎች አሉ! ጎማ ያለው ጋሪ፣ ከታች ቧንቧ ያለው ድስት ወይም ሁለተኛ ሰው ነገሩን ይፈታዋል።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ብዙዎች የሚወጡት እዚህ ላይ ነው። ምሳ ተሠርቶ ይበተናል፣ ከሰዓት ክፍት ይሆናል፣ ማታ ተመልሶ እስከ እኩለ ሌሊት። ይህም ይቻላል። የማይቻለው የነገውን ፈረቃ ዛሬ ማታ ማወቅ ነው። ልጅ ያላት ሴት ልጇን ማን እንደሚይዝላት በአንድ ሌሊት ማዘጋጀት አትችልም። ከሁለት ሳምንት በፊት ከተነገራት ግን ታመቻቻለች፤ አባትየውም እንደዚያው። ሰሌዳ ቀድሞ ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም፣ አለቃው ቁጭ ብሎ ማሰብ ብቻ ነው።

ስለ ወሊድም የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ፣ ወደ ነበረችበት ወይም እኩል ወደሆነ ቦታ መመለስን፣ የጡት ማጥባት እረፍትንም ያስቀምጣል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ምድጃውን ትመራ የነበረች ሴት ከወሊድ ስትመለስ ድንች ልጣጭ ላይ ትገኛለች። ወተቷን የምታልበው ደግሞ የዱቄት መጋዘን ውስጥ ቆማ ነው።

ትንኮሳውን ማለፍ አልችልም። ኪችን ጠባብ ነው፤ ማለፊያው ሰውን ከሰው ያነካካል፣ አንዳንዱም ጥበቱን ሰበብ ያደርገዋል። የተነካችው ሴት ለማን ትናገር? ነገሩን የሚሰማው ሱስ ሼፍ የጥፋተኛው ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሥራ ቦታ ጥቃትና ትንኮሳ ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ልብስ መቀየሪያ ክፍሉን፣ ወደ ሥራ መሄጃና መመለሻውን ሁሉ ይጨምራል። ተለማማጆችንም አይተዋቸውም፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። እንግዲህ ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ከኪችኑ ሰንሰለት ውጭ ይሁን። ሌሊት የምትወጣ ሠራተኛም መኪና ይዘጋጅላት።

«ኪችን እንደ ጦር ሠራዊት ነው፣ ጩኸት ያለ ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። የአለቃና የበታች ሰልፉን ከሠራዊት አምጥቶ ኪችን ውስጥ ያደራጀው ፈረንሳዊው ሼፍ ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው፤ ጦር ሜዳ አብስሏልና ያውቀዋል። ይሁን እንጂ እሱ ራሱ በኪችኑ መጠጥና ስድብ የከለከለ ሰው ነበር። ሰልፉን ወስደን ያንን ትተነዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የዓለም ምርጥ ሴት ሼፍ የሚል ሽልማት አለ። አልቃወምም፤ የሚያገኙት ይገባቸዋል። እኔ የምፈራው አንዷን መድረክ ላይ ስናጨበጭብላት፣ ሌላዋ በዚያው ሳምንት ሽርጧን አውልቃ መውጣቷ ሳይታየን እንዳይቀር ነው።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለኝ። ሼፎችን ስታነጋግሩ «ምን አነሳሳዎት?» የሚለውን ለዛሬ ተዉትና ሌላ ጠይቁ። ምድጃው ላይ ስንት ሴት አለ? ፈረቃ ከስንት ቀን በፊት ይወጣል? ከወሊድ የተመለሰችው ሠራተኛ አሁን የት ነው የምትሠራው? ወንድ ሼፎችንም ጠይቋቸው። መልሱንም ከእነስሙ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ